በፖስታ የሄደው ፊልም፣ በረዳት የሄደው ካሴት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ፊልም ንግድ የወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ሁለት ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። ጸሐፊው አሜሪካ ውስጥ ፊልም በፖስታ ማከራየት ኢንተርኔት እስኪፈጥን የተያዘ የማቆያ ሥራ ነበር ይላሉ። ቀጥለው ደግሞ እኛ አገር ለዚህ የሚቀርብ ነገር ታይቶ እንደማይታወቅ ይነግሩናል። እኔ ጅማ መርካቶ ውስጥ ለብዙ ዓመት ፊልም ሳከራይ የኖርኩ ሴት ነኝ። አሁን በዚያችው ክፍል ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። በሁለቱም ላይ የምለው አለኝ። ደብዳቤው ከረዘመባችሁ ቁረጡት፣ መብታችሁ ነው። ስለ አጋሮ የጻፍኩትን ግን ባትነኩብኝ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ የአሜሪካውን ልያዝ።

የእህቴ ልጅ እዚያ ነው የሚኖረው። ፊልም በፖስታ በሚመጣበት ዘመን ኔትፍሊክስ የሚባለው ፊልም አከራይ ድርጅት ደንበኛ ነበር። አንዴ ለገና ሲመጣ አንድ ባዶ ቀይ ፖስታ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። “አክስቴ፣ ያንቺ ሥራ እዚያ የሚሠራው በዚህ ነው” አለኝ። እኔም እንደ ነጋዴ ገልብጬ ገላብጬ አየሁት። ተራ ወረቀት ነው። የፕላስቲክ ማህደር የለውም፣ ካርቶን የለውም። ዲስኩ የሚገባው ስለ ፊልሙ አጭር ጽሑፍ ባለበት ቀጭን ነጭ ኪስ ውስጥ ነው። ፖስታውን ስትከፍት አንዱን ክዳን ቀደህ ትጥላለህ፤ ከሥሩ ያለው ክዳን የመመለሻው አድራሻ ታትሞበት፣ የመላኪያው ሒሳብም ተከፍሎበት ይጠብቅሃል። ዲስኩን መልሰህ ትከታለህ፣ ታሽጋለህ፣ አለቀ። አንድ ወረቀት ሄዶ ይመለሳል። በጣም ነው የቀናሁት።

የእህቴ ልጅ አንድ ዲቪዲ ከትቶበት ጎረቤቴ ባለ ቅመሙ ሚዛን ላይ አስቀመጠው። ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ዲቪዲ 16 ግራም ገደማ ነው። እኔ የማውቀው የቪዲዮ (ቪኤችኤስ) ካሴት ከነማህደሩ ከዚያ ከ10 እጥፍ በላይ ይከብዳል። ሥራው የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነበር።

ኔትፍሊክስን የመሠረቱት ሪድ ሄስቲንግስና ማርክ ራንዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሐሳቡን ሲያወጡ ሲያወርዱ፣ ካሴት በፖስታ ስለማከራየት አስበው ነበር። ካሴቱም ውድ፣ መላኪያውም ውድ ሆነባቸውና ተዉት። በዚያው ዓመት ዲቪዲ አሜሪካ ገበያ ገባ። ሰዎቹ ዲቪዲ እጃቸው ላይ ስላልነበረ አንድ የሙዚቃ ሲዲ ገዝተው ፖስታ ውስጥ ከተቱና ሳንታ ክሩዝ ወደሚገኘው የሄስቲንግስ ቤት ላኩት። በማግስቱ ሳይሰበር ደረሰ። የቴምብሩ ዋጋ 32 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1998 ከ900 በላይ ፊልም ይዘው ሥራ ጀመሩ።

መጀመሪያ ላይ የሚያከራዩት ልክ እንደኛው ነበር። ለአንድ ፊልም ይህን ያህል፣ እስከዚህ ቀን መልስ፣ ካሳለፍክ ቅጣት አለብህ። በ1999 ወርሃዊ ክፍያ አመጡ። ብዙም ሳይቆዩ የመመለሻ ቀኑንም ቅጣቱንም አነሱት። ደንበኛው የሚፈልጋቸውን ፊልሞች በተራ ያስመዘግባል። ሦስት ይላክለታል። አንዱን ሲመልስ ቀጣዩ ይመጣለታል። አንዱን ፊልም ዓመት ሙሉ ቤቱ ቢያስተኛው ማንም አይጠይቀውም። ወርሃዊውን እየከፈለ አዲስ ፊልም የማያየው እሱ ራሱ ነው።

ስለ ቅጣት ከተነሳ አንድ የታወቀ ወሬ አለ። ሄስቲንግስ አንድ ፊልም አስረፍዶ 40 ዶላር ተቀጣና በንዴት ድርጅቱን መሠረተ ይባላል። ራንዶልፍ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ነገሩ እንዲያ እንዳልነበረ ገልጿል። ወሬው ለጋዜጠኛ ስለሚጥም ነው የተወራው። እኔ ግን ለምን እንደተያዘለት ይገባኛል። ቅጣት ጠብ ነው። በ2 ብር ኪራይ የመጣ ሰው 10 ብር ቅጣት ሲባል ፊቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ አይቻለሁ። አንዱ ካሴቱን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮልኝ ወጥቶ፣ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲያየኝ ተሻግሮ የሚሄድ ሆነ። የዚያን ዘመን ትልቁ አከራይ ብሎክበስተር እ.ኤ.አ. በ2000 ብቻ ከቅጣት 800 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰብስቧል። በዚያው ዓመት ኔትፍሊክሶች በ50 ሚሊዮን ዶላር ግዙን ብለው ሲሄዱ አልፈልግም አለ። በ2004 ወደ 9,000 የሚጠጋ መደብር ነበረው። በ2010 መስከረም ላይ መክሰሩን ለፍርድ ቤት አመለከተ። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ብዙ ጽፏል፤ እኔ ልለፈው።

ብዙዎች የሚዘሉት ፖስተኛውን ነው።

አሜሪካ ውስጥ ፖስተኛ በየቤቱ ይደርሳል። ያመጣል ብቻም አይደል፣ አንተ በር ላይ ያስቀመጥከውንም ይዞ ይሄዳል። ፊልም አከራይ የሚከስረው በመመለሱ ላይ ነው፤ ማድረሱ ቀላል ነው። እነዚያ ሰዎች መመለሻውን ለመንግሥት ፖስታ አስረክበው እነሱ መጋዘን ውስጥ ተቀመጡ። መጋዘኖቹን ከ50 በላይ አድርሰው በመላ አገሪቱ ስለበተኗቸው ፊልሙ ለአብዛኛው ሰው በአንድ ቀን ይደርስ ነበር። ሁሉም ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ያ ቀጭን ቀይ ፖስታ በፖስታ ቤቱ የመለያ ማሽን ውስጥ እየተቀረቀረ ሠራተኞች በእጅ ሊለዩት ይገደዱ ነበር፤ በ2007 የፖስታ ቤቱ የራሱ ተቆጣጣሪዎች ስለዚህ ወጪ ቅሬታ አቅርበዋል። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ገደማ አንድ ቢሊዮንኛው ዲስክ ተላከ።

እኛ ጋ ፖስታ አለ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አለ። ነገር ግን ደብዳቤው የሚመጣው ወደ ሣጥን ቁጥር ነው። ሣጥን ያለው ደግሞ መሥሪያ ቤትና ጥቂት ነጋዴ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው እኛ ጋ ፊልም በፖስታ አልነበረም ሲሉ ልክ ናቸው። የሚቀርበው እንኳ አልነበረም ሲሉ ነው የማልስማማው። አጋሮን ላምጣ።

ሥራውን የጀመርኩት በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ካሴቶቹ የሚመጡልኝ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ነበር። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ያኔ ሙሉ ቀን ይፈጃል። መናኸሪያ ሄጄ ከረዳቱ እቀበላለሁ። በፌስታል ተጠቅልለው፣ በላስቲክ ታስረው ነው የሚመጡት። አንዳንዴ ከዶሮ ጋር አንድ ላይ ተጭነው ይመጣሉ። ጤና ሳይንሱና ግብርና ኮሌጁ ተዋህደው በ1992 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ ተማሪው እየበዛ መጣና ደንበኛም በዛ። ተማሪ መታወቂያ ያስይዛል። የከተማ ሰው ስሙን ደብተር ላይ ያስመዘግባል። ከሰዓት በርጫ ላይ የሚቀመጡት ደግሞ የህንድ ፊልም ነው የሚፈልጉት፤ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ የበለጠ ይወዱታል። የህንድ ፊልም ያላለቀሰበት ሰው ገንዘቤ ባከነ ይላል።

የካሴት ጠላቱ ዝናብ ነው። ጅማን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ክረምቱ አያባራም። ቴፑ ጠርዙ ላይ ነጭ ሻጋታ ያወጣል። ያን ካሴት ዴክ ውስጥ ከከተትከው ቴፑን የሚያነበውን ሄድ ያቆሽሸዋል፣ ቀጥሎ የሚገባው ካሴት ሁሉ በረዶ የሚዘንብበት ይመስላል። እኔ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አምፖል አብርቼ ነበር የማሳድራቸው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በየካሴቱ መስኮት እያሸተትኩ ነው የምለየው። የሻገተ ካሴት ይሸታል።

አጋሮ ላይ አንዲት ሴት ቪዲዮ ቤት ነበራት። አግዳሚ ወንበር ደርድራ፣ ቴሌቪዥን ከፍ አድርጋ ሰቅላ ለሰው በሳንቲም ታሳያለች። ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በየጊዜው እየመጣች መውሰድ አይሆንላትም። እና አንድ ቀን በሚኒባስ ረዳት እጅ የሲጋራ ፓኮ ላይ የተጻፈ ዝርዝር ላከችልኝ። “እትዬ፣ ከእነዚህ ያለሽን ሦስት ላኪልኝ፤ ሲመለሱ ሌላ ትልኪያለሽ” ይላል። ላክሁላት። እሷም አይታ፣ አጠንጥና፣ በዚያው ረዳት ከነኪራዩ መለሰችልኝ። ቀጥሎ ሌላ ዝርዝር። ረዳቱ ከሁለታችንም የሻይ ያገኛል።

በቀን ይህን ያህል የሚለው ሒሳብ ለአጋሮ አልሠራ አለ። ዝናብ መንገዱን ሲያበላሸው ካሴቱ ይዘገያል። ረዳቱ ሲታመም ይዘገያል። ቡና በሚለቀምበት ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ አጋሮ ላይ ገንዘብ ስለሚኖር ሰው ያንኑ ፊልም ደጋግሞ ያያል፤ ሴትየዋም መመለሱን ትረሳዋለች። ማንን ነው የምቀጣው? ስለዚህ ቅጣቱን ተውኩት። በወር አንድ ሒሳብ ተነጋገርን፤ እጇ ላይ ያሉት እስኪመለሱ ሌላ የለም። በቃ። ከዚያ በኋላ መዘግየት ቀነሰ። ተመልካች አዲስ ፊልም ስለሚፈልግ እሷው ራሷ ረዳቱን ታስቸኩለው ጀመር። ቆይተው ከሊሙ ገነትና ከሰቃም እንዲሁ የሚወስዱ ሰዎች መጡ። የእህቴ ልጅ ያን ቀይ ፖስታ ይዞ መጥቶ አሠራሩን ሲያስረዳኝ ሳቄ መጣ። እዚያ ዶክተርና ኢንጂነር ተሰብስቦ የደረሰበትን አጋሮና ጅማ በሲጋራ ፓኮ ተጻጽፈን ደርሰንበት ነበር።

አንዴ ረዳቱ እንቅልፍ ወስዶት አጋሮ አለፈው። ካሴቶቹ በደሌ ገቡ። እሱም ፈርቶ ለማንም ሳይናገር አንድ ሻይ ቤት አስቀምጧቸው ተመለሰ። እኔ ሦስቱንም ውኃ በላቸው ብዬ ከደብተር ልሰርዛቸው ስል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌላ መኪና መጡ። ሦስቱም በደንብ ተጠንጥነዋል። ውስጣቸው አንድ ወረቀት አለ፤ “ሌላ የጦርነት ፊልም ካለ ይላክ፣ ሒሳቡ ይነገረን” ይላል። በደሌም ደንበኛ ሆነ።

እንግዲህ ወደ ጸሐፊው የመጀመሪያ ነጥብ ልመለስ። የማቆያ ሥራ ነበር ወይ?

ባለቤቶቹ አንድ ቀን በኢንተርኔት እንደሚያሳዩ ከመነሻው ያስቡ እንደነበር ተናግረዋል። እሺ። ለእነሱ ማቆያ ሊሆን ይችላል። ለተመልካቹ ግን በፖስታ የሚመጣው ፊልም አሁን ካለው ይበልጥ የነበረበት አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ፤ እሱም ሕግ ነው። በአሜሪካ ሕግ አንድን የፊልም ዲስክ በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው ያን ዲስክ መልሶ መሸጥም ማከራየትም ይችላል። የፊልሙ ባለቤት ፈቃድ አያስፈልገውም። ስለዚህ ማንኛውም በዲቪዲ የወጣ ፊልም ከሱቅ ተገዝቶ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ይችል ነበር። ፊልሙን የሠራው ኩባንያ ቢወድም ባይወድም። በዚህ ምክንያት በፖስታው ዘመን የሚከራየው ፊልም እስከ 100 ሺህ ርዕስ ይደርስ ነበር። የ1930ዎቹ ፊልም ይሁን፣ የኢራን ፊልም ይሁን፣ ማንም የማይፈልገው ዘጋቢ ፊልም ይሁን፣ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ከገባ አለ። ሰው ከፈለገው ይላክለታል።

በኢንተርኔት ሲሆን ይህ መብት የለም። እያንዳንዱን ፊልም ለማሳየት ውል ያስፈልጋል። ውሉ ጊዜ አለው። ጊዜው ሲያልቅ ፊልሙ ይወርዳል። ባለቤቱ የራሱን ማሳያ ከከፈተ ጭራሽ አይሰጥህም። እ.ኤ.አ. በ2007 ጥር ላይ ኔትፍሊክስ በኢንተርኔት ማሳየት ሲጀምር የነበረው 1,000 ገደማ ርዕስ ነው። ዛሬም ቢሆን በአንድ አገር ውስጥ የሚታየው ጥቂት ሺህ ነው። ፍጥነቱ ጨመረ፣ ምርጫው ጠበበ። ጸሐፊው ፍጥነቱን ብቻ ነው የቆጠሩት።

የፖስታው ኪራይ አወዳደቅም በአንድ ቀን አልሆነም። በ2011 ድርጅቱ የዲስኩን ሥራ ለብቻው ከፍሎ ክዊክስተር የሚል ስም አወጣለት። ደንበኛው ለሁለቱ ሁለት ቦታ ክፈል ሲባል ተቆጣ፤ ከዚያ በፊትም ዋጋ ተጨምሮበት ነበር። በዚያ ሩብ ዓመት 800 ሺህ የሚሆን ደንበኛ ሄደ። ክዊክስተርም ሥራ ሳይጀምር በሳምንታት ውስጥ ተሰረዘ። ዲስኩ ግን ከዚያ በኋላም ከ10 ዓመት በላይ ቆይቷል። ኢንተርኔቱ ደካማ የሆነበት የገጠር ሰው፣ የድሮ ፊልም ወዳጅ፣ ሽማግሌዎች አልተዉትም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 2023 የመጨረሻዎቹ ዲስኮች ተላኩ። በ25 ዓመት ውስጥ ከ5.2 ቢሊዮን በላይ ዲስክ ሄዷል። የመጨረሻዎቹን ዲስኮች ደንበኞቹ እዚያው አስቀሯቸው ተባሉ። ይህ ክፍል ደስ ይለኛል። ቢያንስ ዲስኮቹ ሰው እጅ ቀሩ።

የኛው አወዳደቅ ፈጣን ነው። መጀመሪያ ቪሲዲ፣ ማለትም ፊልም የተቀዳበት ሲዲ፣ መጣ። ከጅማ ዝናብ ተገላገልን ብዬ ነበር፤ ሲዲ አይሻግትም። ሌላ ጣጣ ግን ይዞ መጣ። አንድ ቪሲዲ የሚይዘው ከ80 ደቂቃ አይበልጥም፤ ስለዚህ አንድ ፊልም ሁለት ዲስክ ነው። ሰው አንዱን ይመልሳል፣ ሁለተኛው ማጫወቻው ውስጥ ይቀራል። ወይም ማህደሩ የፍቅር ፊልም ነው፣ ውስጡ የልጆች ካርቱን ነው። “እትዬ ይዘላል፣ እትዬ ይቆማል” የሚለው ቃል ቤቱን ሞላው። በጥርስ ሳሙና አሽቼ ስንቱን አስነስቻለሁ። ሲዲው ራሱ በእጅ ተገላብጦ፣ ሻይ ተደፍቶበት፣ በምስማር የተጻፈበት ይመስላል።

የአማርኛ ፊልሞቹ ጊዜ ያኔ ነበር። ሲኒማ ከታዩ በኋላ በቪሲዲ ይወጣሉ። አዲስ የወጣ እንደሆነ ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ያለው ሰው ተራ ይይዝልኛል፤ ደብተሬ ላይ ለአንድ ፊልም የሚጠብቅ 20 ስም የሚጻፍበት ጊዜ ነበር። የአማርኛዎቹን ኦሪጅናል ገዝቼ ነው የማከራየው። የውጭዎቹማ ሁሉም አከራይ ጋ ኮፒ ነበሩ፤ ጅማ ውስጥ ኦሪጅናል የሆሊውድ ሲዲ ተከራይቻለሁ የሚል ሰው ካለ ላገኘው እፈልጋለሁ። የቅጂ መብት አዋጁ በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል፤ መናኸሪያው ድረስ ግን አልመጣም።

ከዚያ አንድ ዲስክ ላይ አሥር ፊልም የታጨቀበት ዲቪዲ መጣና ኪራዩን አረከሰው። ቀጥሎ ፍላሽ። ልጆቹ ፍላሽና ሜሞሪ ይዘው መጥተው “ጫኝልኝ” ይላሉ። ጎረቤቴ ያለው ልጅ ኮምፒውተር አስገብቶ ጊጋ ሙሉ ፊልም በ10 ብር መጫን ሲጀምር እኔ ጋ የሚመጣው ሰላም ለማለት ብቻ ሆነ። ቤቱ ሁሉ ዲሽ ሰቀለ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርኩን ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ ያለቀለት ሆነ። እትዬዎቹ እንኳ ቀሩብኝ። የሚገርመው ኔትፍሊክስም በኢንተርኔት ወደ 130 አገሮች ሲገባ ኢትዮጵያ የገባው በዚያው ዓመት ነው። ለኛ ግን የገባ አይባልም። የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው። የአጋሮዋ ሴት በረዳት እጅ መክፈል ትችል ነበር።

የፊልም ኪራይ ለምን ቀረ ብዬ አላለቅስም። ፎቶ ኮፒ የተሻለ ያበላል፤ በተለይ በምዝገባ ሰሞን። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ነገሩ ወዲህ ነው።

በቅርቡ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም መጣች። ጽሑፏ ስለ አማርኛ ፊልም ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የወጣ አንድ ፊልም ፈልጋ አጥታለች። ዩቲዩብ ላይ የለም። ቴሌግራም ላይ የለም። የሠሩትን ሰዎች ጠይቃ እነሱም ጋ የለም፤ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል፣ አከፋፋዩ ዘግቷል። “እትዬ፣ እርስዎ ጋ ይኖር ይሆን?” አለችኝ። ካርቶኖቹን ገለበጥን። አገኘነው። ሲዲ 1 አለ። ሲዲ 2 የለም። ልጅቷ ግማሹን ፊልም አይታ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ካርቶኖቹን ቁጭ ብዬ ለየኋቸው። ከሚሠሩት ውስጥ ብዙዎቹን ዩቲዩብ ላይ ፈለግኋቸው። አንዳንዶቹ አሉ፤ መሀላቸው በማስታወቂያ ተቆራርጦ፣ መጨረሻቸው ተጎርዶ። አንዳንዶቹ ባለፈው ዓመት ነበሩ፣ ዘንድሮ ወርደዋል። የቀሩት የትም የሉም። የ15 እና የ20 ዓመት ፊልሞች ናቸው፤ የአያት የቅድመ አያት ዘመን አይደሉም። የተዋናዮቹን ፊት በማስታወቂያ ላይ እስካሁን እናያለን፣ የሠሩት ፊልም ግን ደብዛው ጠፍቷል። አሜሪካ 5.2 ቢሊዮን ዲስክ ስትበትን፣ ያ ዲስክ ቢጠፋ ዋናው ቅጂ የኩባንያው መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። እኛ ዘንድ ለአንዳንዱ ፊልም ዋናው ቅጂ የኪራይ ቤት ሲዲ ሆኖ ቀርቷል። የተጫረ፣ ሻይ የተደፋበት ሲዲ።

ስለዚህ ጸሐፊው በሚቀጥለው ዓምዳቸው ስለ ኢንተርኔቱ ድል ከሚጽፉ ይልቅ ይህን ቢጠይቁልኝ እወዳለሁ። ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ መጽሐፍ ይሰበስባል፣ ጋዜጣ ይሰበስባል። የነዚህን ቪሲዲዎች ጉዳይ የያዘ ሰው አለ ወይ? እዚሁ ጅማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አለው። አንድ ዝናብ የማያስገባ ክፍል፣ አንድ የሲዲ ማንበቢያ ያለው ኮምፒውተር፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ፣ አንድ ትጉህ ልጅ ይበቃል። አዲሶቹ ላፕቶፖች የሲዲ በር እንኳ የላቸውም፤ ማንበቢያው ራሱ ከገበያ ሳይጠፋ ቢሆን ጥሩ ነው። የባለቤቶቹን ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ እናንተ በጋዜጣችሁ ብትጠሩ ፕሮዲውሰሮቹ የሚሰሙ ይመስለኛል። በየከተማው እንደኔ የዘጉ አከራዮች አሉ። ነቀምት አሉ፣ ሐዋሳ አሉ፣ ደሴ አሉ። ካርቶናቸውን አይጥ ሳይበላው ቢጠየቁ አይከለክሉም። አንዱ ጋ ሲዲ 1፣ ሌላው ጋ ሲዲ 2 ይገኝ ይሆናል።

የኔው አራት ካርቶን ነው። ርዕሶቹን በደብተር ላይ ጽፌያቸዋለሁ፤ የትኛው ሙሉ እንደሆነ፣ የትኛው ግማሽ እንደሆነ፣ የትኛው እንደሚዘል ከጎኑ ምልክት አድርጌበታለሁ። የደብተሩን ፎቶ ኮፒ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ። በአደራ ለሚያስቀምጥ ተቋም ካርቶኖቹን በነጻ እሰጣለሁ፤ ፍላሽ ላይ ጭኖ ሊሸጥ ለሚመጣ ግን አልሰጥም። ሊያይ የሚፈልግ ሰው ቢመጣ ጠዋት ይሻላል። ከሰዓት ተማሪዎች ለፎቶ ኮፒ ስለሚሰለፉ ካርቶን የማውረጃ ቦታ የለኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ፊልም አከራይ
ጅማ፣ መርካቶ